ስለ ሃያ ሰባት ቁጥር ሥዕል ጽዳት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሙዚየሙ ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለምክትሎችዎ፣ ለወረቀት ሥራዎች ክፍል ኃላፊዋ፣ ለትርጉም ክፍሉ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ምድር ቤት ባለው መጋዘን ውስጥ ያለማቋረጥ እርጥበት ለሚለካው መሣሪያ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። መሣሪያውን ከሰላምታው ያልለየሁት ባለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ከአባቴ ሥዕሎች ጋር ከማናችንም ይልቅ ረጅም ጊዜ ያሳለፈ እርሱ በመሆኑ ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ የጻፍኩልዎት ደብዳቤ ይህ ስምንተኛው ቢሆንም ሥራ ይበዛብዎታልና ማንነቴን ባያስታውሱ አልቀየምም። እኔ አርባ ሦስት የውሃ ቀለም ሥዕሎቹ በእርስዎ መሳቢያዎች ውስጥ የተኙት ሰው የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እናንተ በካታሎጋችሁ «ስደተኛው ዘመናዊ ሠዓሊ» ትሉታላችሁ፤ ሠፈሩ «ጋሽ ካውያ» ይለው ነበር፤ እናቴ ዛሬም «ሰውዬው» ትለዋለች። እኔ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራሁ ፋይል ቢጠፋም ቢገኝም ብዙ አልደነግጥም። ደብዳቤውን በአባቴ ቋንቋ የምጽፈው ደግሞ ሙዚየሙ ይህን ቋንቋ አሳምሮ እንደሚያነብ በካታሎጉ መግቢያ ላይ ስላበሠረን ነው። እዚህ ባለው የአገር ልጆች ማኅበራችን መጽሔት ላይም እንዲወጣ ያደረግሁት፣ የቀደሙት ሰባት ደብዳቤዎች ምናልባት እነርሱም መሳቢያ ውስጥ ገብተው ይሆናል ብዬ ስለ ሠጋሁ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎት ለማመስገን ነው። የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ባለሙያዎችዎ ከሃያ ሰባት ቁጥር ሥዕል ላይ «ባዕድ ጉድፍ» ማንሳት እንደሚጀምሩ በማኅተም አሳውቀውኛል። ጉድፉ የታናሽ እህቴ ጣት ነው። እህቴ ከሞተች አርባ አንድ ዓመት ሆኗታል። ምስጋናዬ እንዳይዛነፍብኝ በተራ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ፤ የካርድ ክፍል ልማድ ነው።

አንደኛ፦ በአባቴ ሥዕሎች ለምታዘጋጁት ዐውደ ርእይ ስላወጣችሁለት ርእስ አመሰግናለሁ። በዋናው በር ላይ ከጣሪያ እስከ መሬት የሚወርድ ጨርቅ ሰቅላችሁ በአባቴ የእጅ ጽሕፈት «አልደረቀም» የሚለውን ቃል አትማችሁበታል። ካታሎጋችሁም ይህ ቃል በሠላሳ አንድ ሥዕሎች ጠርዝ ላይ በእርሳስ ተጽፎ መገኘቱን ጠቅሶ፣ ያልደረቀው የስደተኛው እንባ፣ ያልደረቀው ቁስሉ፣ ያልደረቀው ታሪኩ መሆኑን ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ይተነትናል። ጽሑፉን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ሲሆን፣ ከማማሩ የተነሣ የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄጃለሁ። ይሁን እንጂ ያልደረቀው ሥዕሉ ነበር። በሁለት ክፍል ቤት አራት ሆነን ስንኖር አባቴ ከሥራ መልስ የሳለውን የሚያጋድምበት ቦታ ስላልነበረው አልጋችን ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪናው ክዳን ላይና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ያደርቀው ነበር፤ እኛም ሳናይ እንዳንቀመጥበት በጠርዙ ላይ «አልደረቀም» ብሎ ይጽፋል። ማስጠንቀቂያው ስለ ነፍስ ሳይሆን ስለ መቀመጫ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ የትም ቤት ብትሄድ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በእጇ ዳሰስ ታደርጋለች፤ ሰው ግን ዓይኗ ስለደከመ ይመስለዋል።

በነገራችን ላይ ዋናው በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ቋንቋችንን የሚናገር የአገራችን ሰው ሲሆን፣ ጨርቁ በተሰቀለ ሰሞን በሩ ቀለም የተቀባ መስሎት ሦስት ቀን ሙሉ በክርኑ እየገፋ መግባቱን አጫውቶኛል። በእኔ አስተያየት ከመሥሪያ ቤትዎ ሰው ሁሉ ቃሉን በትክክል የተረጎመው እርሱ ነውና፣ ለዕድገት ቢታሰብ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፦ ለአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሥዕል ስለተሰጠው ስም። ሥዕሉ ሁለት ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ሲሆን፣ አባቴ ከሚሠራበት ላውንደሪ ጀርባ ያለውን ግንብ በዝናብ ቀን የሳለው ነው። በወረቀቱ ጀርባ «ሽንኩርት፣ ክብሪት፣ የልብስ ሳሙና፣ የልጅቷ ጫማ» የሚል ጽሑፍ ስለተገኘ ሙዚየሙ ይህንኑ የሥዕሉ ርእስ አድርጎታል፤ አንድ ሊቅም ሠዓሊው ዕቃዎቹን ባለመሳል እንደ ሳላቸው አስረድተዋል። በዚያን ዕለት ዕቃዎቹን ባለመግዛቱ ግን እናቴ ተመሳሳይ አድናቆት አልገለጸችለትም።

ሦስተኛ፦ ለሕይወት ታሪኩ። አባቴ ሥዕሎቹን ባስረከበ ዕለት በሞላው ቅጽ ላይ «ሥራ» ከሚለው ፊት ለፊት «ልብስ ተኳሽ» ብሎ ጽፏል። «ልብስ» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶ፣ አባቴ በካታሎጋችሁ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በተኳሽነት ያገለገለ ወታደር ሆኗል፤ የሥዕሎቹም ጸጥታ የጦር ሜዳ ማግሥት ጸጥታ ነው ተብሏል። አባቴ በዕድሜው ሸሚዝና አንሶላ እንጂ ሌላ ተኩሶ አያውቅም። የቆሰለም ካለ ራሱ ነው፤ ግራ ክንዱ ላይ ካውያ ያቃጠለው ሦስት ቦታ ነበረው። ሥዕልንም የተማረው እዚያው ነው፤ ውሃ ጨርቅ ላይ ተረጭቶ ሲሰፋ፣ ጠርዙ ሲጠቁርና መሐሉ ሲነጣ ሲያይ ይውልና ማታ ወረቀት ላይ ይሞክረዋል፤ ያልተነካ ነጭ ካልቀረበት ሸሚዝም ሸሚዝ፣ ሥዕልም ሥዕል አይባልም ይል ነበር። ይህ ስሕተት ይታረም ብዬ ግን አላስቸግርዎትም፤ ከሞተ በኋላ የጦር ማዕረግ የሚያገኝ ልብስ ተኳሽ ብዙ የለም።

አራተኛ፦ ስለ ዕረፍት። አባቴ አርባ ሦስቱን ሥዕሎች ለሙዚየሙ የሰጠው የቤታችን ግድግዳ ላብ ስለሚያወጣና ወረቀቶቹን ሻጋታ ስለጀመራቸው ነው። በላውንደሪ ፕላስቲክ ጠቅልሎ በሁለት ጉዞ በአውቶቡስ ሲያመጣቸው አብሬው ነበርኩ። የተቀበለችን ጨዋ ሴት ቤተሰቡ በፈለገ ጊዜ መጥቶ ማየት እንደሚችል ነገረችን፤ አባቴም አመስግኖ፣ ባዶ ፕላስቲኩን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሃያ ሰባት ቁጥርን ለማየት ስድስት ጊዜ አመልክታለች። የማመልከቻው ቅጽ የጉብኝቱን ምክንያት ሲጠይቅ «ተመራማሪ፣ ሥዕል ተዋሽ ሙዚየም፣ የጥገና ባለሙያ፣ ሌላ» ብሎ ስለሚያስመርጥ፣ እናቴን ስድስቱንም ጊዜ «ሌላ» አድርጌ ሞልቻታለሁ።

ብርሃን የውሃ ቀለምን እንደሚበላ፣ ሦስት ወር የታየ ሥዕልም ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ማረፍ እንዳለበት አውቃለሁ፤ የአባቴን ሥዕሎች ከፀሐይ ስለጠበቃችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ብቻ የመጨረሻው መልሳችሁ «ሥዕሉ ያረፈ ስለሆነ» ብሎ በመጀመሩ፣ ሳነብላት እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና መቼ እንዳረፈ ጠየቀችኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብሎ የተረተው ሰው ሙዚየም አይቶ ባያውቅም ላሟን በደንብ ያውቃታል። ዛሬ የእናቴ ግራ ዓይን ጠፍቷል፤ ሐኪሟ እንደሚሉት ቀኙም ዓመቱን አይጨርስም። ሥዕሉ ዕረፍቱን ሲጨርስ የእርሷ ዓይን ዕረፍቱን ይጀምራል ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ይህኛው ምስጋና ለእኔም ጭምር ይገባል። ሃያ ሰባት ቁጥር እንፋሎት የሸፈነው የላውንደሪው መስኮት ነው፤ ላይ ግራጫ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ በጎን ቀጠን ያለ ቢጫ፣ መሐሉ ደግሞ ምንም ያልተቀባ ነጭ ወረቀት። ከሰማያዊው ተነሥቶ ወደ ነጩ የገባ፣ የግማሽ ጣት ርዝመት ያለው አንድ ጭረት አለ፤ ጫፉ ላይ ቀርቦ ላየው ጥቃቅን የጣት መስመሮች ይታያሉ። የዛሬ አሥር ዓመት ያወጣችሁት በራሪ ጽሑፍ ይህን ጭረት «ደፋር ምት፣ ሠዓሊው ራሱን ከገዛ ሥርዓቱ ነፃ ያወጣበት ቅጽበት» ይለዋል። ይህን ሳነብላት እናቴ ከልቧ ስቃ፣ «አንቺ ልጅ፣ ነፃ አውጪ ሆንሽልን» አለች። የምታናግረው እኔን አልነበረም።

ነፃ አውጪዋ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። የቤት ስሟ «ነካኪዋ» ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የሰው ቁልፍ፣ የጎረቤት ድመት ጆሮ፣ ያልነካችው ነገር አልነበረም። በዚያን ዕለት ከውጭ ሮጣ ገብታ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ያገኘችውን ሰማያዊ ቀለም በሌባ ጣቷ ጎተተችው። በጠርዙ ላይ «አልደረቀም» ተብሎ ተጽፏል፤ ነገር ግን ማንበብ አልጀመረችም። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ስታይ እጇን በጥፊ መታቻት። ለሁለተኛው እጇን ስታነሣ አባቴ ብሩሹን ሳያስቀምጥ «ተዪያት፣ ይቅር» አለ። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበረ በእርጥብ ብሩሽ ቢያነሣው በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ አላነሣውም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ «አልደረቀም» ካለው ሥር «ተነክቷል። ይቅር።» ብሎ ጻፈና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ከአልጋው ጫፍ አይቻለሁ፤ ሌላ ምስክር ከፈለጋችሁ እናቴ አለች።

እህቴ በሰባት ዓመቷ በሳንባ ምች ታማ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አንድ ፎቶ አላት፤ በእርሱም ላይ አልቆም ብላ ስለተንቀሳቀሰች ፊቷ ደብዝዟል። ያለን ነገር ይህ ጣት ነው። እናቴ ሥዕሉን ለማየት ለምን ያን ያህል እንደምትጓጓ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ከእህቴ የቀረ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር መድኃኒት ዓይኗ ውስጥ ሳንጠባጥብላት፣ ቀና እንዳለች፣ «የመታሁት እጅ እሱ ነው» አለችኝ። እኔም ጠብታዎቹን መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ከስድስት ወር በፊት ታዲያ፣ ክቡር ሆይ፣ ደስ ይላችኋል ብዬ ይህን ሁሉ ጻፍኩላችሁ። ደፋሩ ምት የእህቴ ጣት መሆኑን፣ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የድመቱን ጆሮ ሳይቀር ነገርኳችሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የወረቀት ሥራዎች ክፍል በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ሰጠኝ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ የፈጠነ መልስ አግኝቼ አላውቅም። «ከሠዓሊው እጅ ያልወጣ ምልክት የሥራው አካል ስላልሆነ፣ በባዕድ እጅ እንደደረሰ ጉዳት ተመዝግቦ ለዐውደ ርእዩ ዝግጅት ይጸዳል፤ ለሰጡን ጠቃሚ መረጃ እናመሰግናለን» ይላል። እህቴ በአንድ ማኅተም ከነፃ አውጪነት ወደ ጉድፍነት ዝቅ ተደረገች። ማስጠንቀቂያውን በር ላይ ሰቅላችሁ፣ ማስጠንቀቂያውን የጣሰችውን ልጅ ልታጥቡ ነው። ዝም ብል ኖሮ ጣቷ ደፋር ምት እንደተባለ ይኖር ነበር። ይህን ሳስበው የሚያመኝ ቦታ ደንዝዟል፤ ጥርስ ሐኪም በመርፌ እንዳደነዘዘው ድድ፣ መነካቱ ይታወቀኛል እንጂ አያመኝም። ለዚህም እርስዎን አመሰግናለሁ፤ ቢያመኝ ኖሮ ይህን ያህል በጨዋነት ባልጻፍኩ።

ስድስተኛ፦ ለትርጉም ክፍሉ። አይጸዳ ብዬ በለመንኩ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ ከሁሉ የላቀ ነበር። ሠዓሊው ራሱ በጠርዙ ላይ «ተነክቷል። ይቅር።» ብሎ መጻፉን፣ «ይቅር» ማለትም «ይወገድ» ማለት መሆኑን፣ ስለዚህ ሙዚየሙ ጣቱን የሚያነሣው የሠዓሊውን ግልጽ ኑዛዜ ለመፈጸም መሆኑን ገልጻችሁልኛል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ያልተፈጸመ የአባቴ ኑዛዜ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቃሉ አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። ሰው ከሥራ ቀረ ሲባል የለም ማለት ነው፤ ምግብ ከድግስ ቀረ ሲባል ግን አለ ማለት ነው። አባቴ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ ከአገሩ ወጥቶ ቀረ፤ እዚያ ያሉት ዘመዶቹ «ቀረ» ሲሉ የለም ማለታቸው ነበር፤ እዚህ ያሉት ጎረቤቶቻችን «ቀረ» ሲሉ አለ ማለታቸው ነበር፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው። እህቴ ሆስፒታል ገብታ ቀረች። ከእርሷ ጣቷ ቀረልን። ሊማታ የተነሣን ሰው «ተው፣ ይቅር» ሲሉት ደግሞ፣ የሚቀረው ዱላው ነው እንጂ ልጁ አይደለም። አባቴ በዚያች ሰዓት እንዲቀር የፈለገው ሁለተኛው ጥፊ ነበር፤ በእርሳስም የጻፈው ቁጣው እንዳያገረሽ፣ ሥዕሉንም ማንም ላስተካክለው እንዳይል ይመስለኛል። ይህን መዝገበ ቃላት ላይ አያገኙትም፤ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን መዋል ይበቃል።

ሰባተኛ፦ ይቅር።

ሰባተኛውን የትርጉም ክፍሉ በምን እንደሚመልሰው ለማየት እጓጓለሁ ልል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልጓጓም። ተራ ቁጥሩም እዚህ ላይ ይብቃኝ።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ጠዋት አይንኩት። ርእሱን ውሰዱት፣ እንባውንና ቁስሉንም ጨምራችሁ። አባቴን ከፈለጋችሁ ጄኔራል አድርጉት። ሽንኩርቱና ክብሪቱም ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ፤ እናቴ እንኳን ይቅር ብላዋለች። ጣቷን ግን በቦታዋ ተዉልን፤ እናቴም ዓይኗ ሳይጨልም ለአሥር ደቂቃ ብቻ ሥዕሉ ፊት ትቀመጥ፤ ወንበሩን ራሷ ታጣራለች። በእኛ ካርድ ክፍል የሞተ ሰው ካርድ ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ይዛወራል እንጂ አይፋቅም። የእህቴም ካርድ እዚያ አለ፤ ሦስት መስመር ነው፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀለም ፈስሶበታል፤ እስካሁን ጉድፍ ነው ብሎ ሊያጸዳው የመጣ የለም።

አባቴ ስለ ሙያው ሲጠየቅ ከተረት ውጭ አይጠቅስም ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይል ነበር። ወረቀት አንዴ የጠጣውን ቀለም መልሶ አይተፋም፤ በግድ ቢያስተፉት እንኳ ሌላውንም ይዞ ይወጣል። ያ ሰማያዊ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ከገባ አርባ አራት ዓመት ስለሆነው፣ ባለሙያዎችዎ ጣቱን ሲያሹ መስኮቱም አብሮ እንዳይሄድ እፈራለሁ። የወረቀቱን ጽናት በተመለከተ በአባቴ ተረት እተማመናለሁ፤ በተረቱ ውስጥ ከወረቀት ጋር አብሮ ስለተጠቀሰው ወገን ግን ለአስተዳደሩ ካለኝ አክብሮት የተነሣ አስተያየት አልሰጥም።

ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ላነበቡበት ጊዜ፣ በእርስዎ ፈንታ አንብቦ ላሳጠረልዎትም ጸሐፊ፣ ለመጋዘኑ ጨለማ፣ ለመሳቢያዎቹ ቁልፍ፣ በተለይም በክርኑ በር ለሚገፋው ጥበቃ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እርስዎ ግን ሰኞ እጅ እንዳይነሡን አደራ።

የልብስ ተኳሹ የመጀመሪያ ልጅ፣
የጉድፏ ታላቅ እህት፣
የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፊርማዬ በታች የሚያዩት ሰማያዊ ምልክት የእናቴ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ነው። መስመሩ ስለማይታያት መፈረም ትታለች፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ካነበብኩላት በኋላ ከአባቴ የቀለም ሣጥን ውስጥ የቀረችውን ሰማያዊ በምራቋ አርጥባ ራሷ አተመችው፤ ትንሽም ተጎትቶባታል። ምልክቱ ከሠዓሊው እጅ ያልወጣ መሆኑን፣ የጽዳት ክፍሉ እንዳይደክም፣ ከወዲሁ አሳውቃለሁ። ደብዳቤውን በፖስታ ሳልልክ አሁኑኑ በእጄ ይዤው ስለምመጣ፣ የሚረከበኝ ሰው እባክዎ በጠርዙ ይያዝልኝ፤ አልደረቀም።